አርባ ጠብታ ለሁለት

በድሬዳዋ ሰው ብቻውን የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጠብታውን መውሰድ ነው። ሌላው ሁሉ በጋራ ነው። ሻዩ በጋራ፣ ጥላው በጋራ፣ ሐሜቱም በጋራ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግን የንባብ ጣቢያው ደወል ሲያቃጭል፣ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ያለ ባለ ጠብታ ሁሉ በየበረንዳው ብቅ ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ብልቃጡን አፍንጫው ላይ ይደፋል፣ አንዲት ጠብታ ይስባል፣ እስከ ሃያ ይቆጥራል። በዚያች ሰዓት ሰላምታ የለም። መንገደኛው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሃያው ሲሞላ ሁሉም ዞር ይልና «እንዴት አደርክ አቦ» ይጀመራል፤ ከተማዋም ወደ ጠባይዋ ትመለሳለች።

ግድግዳውን ያመጣው ጣቢያው ነው። ሕዝቡ ፊት ለፊት ተያይቶ ሲወስድ «እስቲ ያንቺን ልሞክረው፣ እንካ የኔን ቅመስ» እየተባባለ አስቸገረ፤ ስለዚህ ዙሩ ተባለ። ብልቃጡም ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈበት፦ «ይህ ያዥ የተሠራው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።» ያዥ ማለት ሰው ከወላጆቹ በወረሰው የገላው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን፣ በሽታ የሚያመጣ ክፉ ቃል ፈልጎ አግኝቶ በላዩ የሚቀመጥ፣ ቃሉ እንዳይነበብ የሚይዝ ነገር ነው። ጣቢያው የእያንዳንዱን በሽተኛ ጽሑፍ ያነባል፤ ዓመት በመጣ ቁጥርም አንድ ብልቃጥ ይሠራለታል። አርባ ጠብታ፣ ለአርባ ጠዋት። ከዚያ እስከ ዓመቱ ድረስ ሰው ሰው ሆኖ ይኖራል።

ሶልያና ምንውየለት አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግድግዳዋን አይታለች። ዕድሜዋ ስልሳ ስድስት ነው። የዘንድሮ ልጆች ስሟን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ሶፎንያስ የሚባል ሰው ሁሉ ዛሬ ምርኩዝ ይዞ የሚሄድ ነዋ። አንቱ የሚላት ግን የለም፣ ድሬ አንቱታ አይሆንላትም። ለገሃሬ ባለው ጥላ ቤት የመንገድ ጥላ ትሰፋለች። ከተማው ሰማዩን በሸራ ከሸፈነ ሰላሳ ዓመቱ ነው፤ ሸራውን በየዓመቱ ፀሐይ ይበላውና ይቀየራል፤ ሰፊዎቹ ሥራ አያጡም። ባል ነበራት፣ ሞተ። ልጅ አልወለደችም፤ ውዝወዛውን ለማን ላውርሰው ብላ ነው።

ውዝወዛ የቤተሰቡ ቃል ነው። ሐኪሞቹ ሌላ ስም አላቸው። እናቷን የገደለው እሱ ነው። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ ያስጥላል። ቀጥሎ እግርን እንደ ሰካራም ያወላግዳል። ከዚያ ምላስ ይተሳሰራል፣ ከዚያ አእምሮ ይሄዳል፣ ገላ ብቻ አልጋ ላይ ሲወዛወዝ ይቀራል። እናታቸው በዚያ ሁኔታ ስድስት ዓመት ቆይታለች። ሶልያና ያኔ አዋሽ ተቀጥራ ለቤቱ ቀለብ ትልክ ነበር። እናቱን ያስታመመው ታናሽ ወንድሟ ኖላዊ ነው፤ ሲጀምር አስራ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ኖላዊ እናቱን ቀብሮ ጅቡቲ ወደብ ወረደ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ክሬን ላይ ተቀምጦ ዕቃ ሲያወርድ ኖረ። ሶልያና በደወለች ቁጥር ተነበብ፣ ያዥ ይሠራልህ ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ ይስቃል፣ የማላየውን ነገር ምን ብዬ ልፍራው ይላል፣ ወሬውን ወደ ዓሣና ወደ ሙቀት ይወስደዋል። ወሬ ሲያውቅ! ድሬ ለዓመት በዓል ሲመጣ ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ይሰማዋል። እሷም እየሳቀች ተወችው። በኋላ ራሷን የረገመችው በዚህም ጭምር ነው።

በ2079 ዓ.ም. መስከረም ላይ ኖላዊ አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ ከባቡር ወረደ፤ ጡረታ ወጣሁ አለ። ሶልያና ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆማ አየችው። በግራ እጁ አቀፋት፤ ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው እጅ ምን እየሆነ እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም። መንገዱን ሙሉ የባጥ የቆጡን ሲያወራ ሰማችው። ቤት ሲገቡ ግን እጁን ከኪሱ ጎትታ አወጣችውና በሁለት እጇ ያዘችው። እጁ በእጇ ውስጥ ይዘል ነበር።

በማግስቱ ንባብ ጣቢያ ወሰደችው። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሲስተር ፈትሒያ ናት፤ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ዳይፐሯን የቀየረችላት ሶልያና ናት። ፈትሒያ መዝገቡን ገለጠች፣ አየች፣ ደግማ አየች። ወረፋው አስራ አንድ ወር ነው አለች። ሶልያና ለመነች፣ ተቆጣች፣ የድሮውን ዳይፐር ሳይቀር አነሳች። ፈትሒያ እንባዋ መጣ፤ ወረፋው ግን ወረፋ ነው፣ ከፊቱ ስምንት ሺህ ሰው አለ፣ ሁሉም የሰው ልጅ ነው አለቻት። ተመለሱ።

ውዝወዛው ወረፋ አልጠበቀም። ኅዳር ላይ ኖላዊ ሸሚዙን መቆለፍ አቃተው። ቁልፉን ሶልያና ትቆልፍለታለች፤ እሱም «ሚስት ሳላገባ የቀረሁት ለካ አንቺን አምኜ ነው» እያለ ይቀልዳል። አንድ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆው ከእጁ ወጥቶ አንድ ሕፃን አቃጠለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤት መውጣት አቆመ። የሚያወራለት ሰው አጣና ዝም አለ። ሶልያናን ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ዝምታው ነው የበላት።

ታኅሣሥ ሲገባ የእሷ ብልቃጥ መጣ። ሰማያዊ ነው፤ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ቁጭ ብላ አየችው። እንግዲህ የዚህች ሴት ሐሳብ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፣ ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። በሽታው የእናታችን ነው፤ ሁለታችንም ከአንድ ማህፀን ወጣን፤ በእኔ ውስጥ ያለው ክፉ ቃልና በእሱ ውስጥ ያለው ክፉ ቃል አንድ ነው፤ ስለዚህ የእኔን የያዘ የእሱንም ይይዛል። በዚህ አልተሳሳተችም። ጣቢያው ውስጥ ያሉት ሊቃውንትም ቢሆኑ እስከዚህ ድረስ ልክ ነሽ ይሏት ነበር።

ሌላው ደግሞ ከአገሩ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አድጋለች። ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ እየተወዛወዘ እሷ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ለብቻዋ ልትድን? አንጀቷ እንቢ አላት። የምታጣውንም ታውቃለች፤ ያዡን ያካፈለ ሰው ዕድሜ ልኩን ከመዝገብ ይሰረዛል። ቢሆንም ማን ያያል ብላ ወሰነች።

ጠዋት ደወሉ ሲያቃጭል ከበረንዳው ሳይሆን ከጓዳው ግድግዳ ፊት አቆመችው። አንድ ጠዋት ላንተ፣ አንድ ጠዋት ለእኔ አለችው። ኖላዊ ቀዩን ጽሑፍ አነበበና ለአንድ ሰው ብቻ ነው ይላል እኮ አላት።

«እሱ የሚለው ለጎረቤት ነው» አለች። «ቤተሰብ መቼ ሰው ሆኖ ይቆጠራል?»

ሳቀ። ከወር በኋላ የመጀመሪያው ሳቁ ነው። አንቺ ብትጎጂስ አላት፤ እሷም አስራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምኩት አለኝ አለችው። ውሸቷን ነው፣ ያዥ አይጠራቀምም። አንገቱን ወደ ኋላ ጣለላት። ጠብታዋን ራሷ ጣለችለት፤ ራሷ ሃያ ቆጠረችለት።

በሦስተኛው ሳምንት እጁ አረፈ። አንድ ጠዋት ሶልያና ከእንቅልፏ ስትነሳ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ አገኘችው። በዚያው ቀን ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት አፉ ድረስ የሞላ ብርጭቆ ይዞ፣ በሰው መሐል አቋርጦ፣ ጠብ ሳያደርግ አመጣላት። ሻይ ቤቱ አጨበጨበ፤ ምን ተገኝቶ እንደሆነ ግን ማንም አልገባውም። ሶልያና መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች። ያን ሳምንት ኖላዊ በረንዳ ላይ ወጥቶ የጅቡቲ ወሬውን ጀመረ፤ ሰፈሩም ወንበሩን እየያዘ መጣ። ደስታ አንድ ሳምንት ሞላው፤ ከዚያ በላይ አልቆየም።

መጀመሪያ ውሃ ትን አለው። ሰው ሁሉ ትን ይለዋል፤ ማን ልብ ይላል። ቀጥሎ የሳምቡሳ ቁራሽ ጉሮሮው ላይ ቆመ፤ ጀርባውን ደበደበችው። ከዚያ ኖላዊ ሲበላ ቀስ ማለት ጀመረ። ሁልጊዜ ከአንድ ሰሃን ነው የሚበሉት። እሱ ወጡን ወደ እሷ በኩል ይገፋል፣ ጠግቤያለሁ፣ ቀትር ላይ ባቅላባ በልቻለሁ ይላል። አርባው ቀን ባለቀ በአራተኛው ቀን የቆሸሸ ልብሱን ልታጥብ ስታነሳ ኪሱ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለ ምግብ አገኘች። ጉርሻዎቹን ጉንጩ ውስጥ እያቆየ፣ ዞር ስትል እየተፋ፣ እየደበቀ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልዋጠም። እንዳትደነግጥ ብሎ ነው።

ሐኪም ቤት አስተኙት። በአፍንጫው ቱቦ አስገቡለት፤ ምግቡ በዚያ ይገባል። ሐኪሙ መዋጥን የሚያዝዘው ነርቭ ጽሑፉ ተይዟል፣ አንድ ያዥ ያለቦታው ተቀምጦበታል አለ። ከማን ወስደህ ነው ብሎ ጠየቀ። ሶልያና አፏን ከፈተች። ኖላዊ ቀደማት። ድምፁ እርጥብ ሆኖ፣ እየተንኮረኮረ፣ «ገዛሁት» አለ። «መንገድ ላይ። ሰውየውን አላውቀውም።»

ይህን ሲል የሚያየው ሐኪሙን አልነበረም፣ እሷን ነበር። ሶልያና አፏን ዘጋች።

አስራ ዘጠኝ ቀን ዘግታ ቆየች። ይሄ መነገር አለበት። ወንድሟን ትወዳለች፤ ፍርሃቷም እውነት ነው። በየቀኑ ጠዋት ዛሬ እናገራለሁ ብላ ትወጣለች፣ የሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ስትደርስ እናቷ አልጋ ላይ ስትወዛወዝ ትታያታለች፣ ለነገ ታሳድረዋለች። ምናልባት ሳልናገርም ያድኑት ይሆናል እያለች ራሷን ታባብላለች። ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ የሌለውን ሻጭ ፍለጋ ገበያውን ያምሱ ነበር።

በአስራ ዘጠነኛው ቀን፣ ከተማው ሁሉ ለቀትር እረፍት በሩን በዘጋበት ሰዓት ፈትሒያ ቤቷ መጣች። የሥራ ልብሷን አውልቃለች። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ እንደ ልጅነቷ። የኖላዊ ንባብ ተሠራ፣ ለአደጋ ጊዜ ወረፋ የለውም አለች፤ ሶልያና ይህን ስትሰማ ምን እንደተሰማት እናንተ ገምቱት። ከዚያ ፈትሒያ ነገሩን ማስረዳት ጀመረች፤ ማንን እንደምትከስ ሳታውቅ፣ ሐዘኗን ልትወጣ ብቻ።

ያዥ ዓይን የለውም አለች፤ ያለው ጣት ነው። በሰው ውስጥ ያለው ጽሑፍ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ነው፤ በጠመዝማዛው ላይ ቦይ አለ። ያዡ በዚያ ቦይ ጣቶቹን እየከተተ ይሄዳል። ገመዱን አይፈታም፣ አይበጥስም፤ ከውጭ ዳስሶ ነው የሚያውቀው። አንዱ ጣት ሦስት ያህል ፊደል ይዳስሳል። ካልገጠመለት አይቆምም፣ ይንሸራተታል፣ ሌላ ቦታ ይሞክራል። ሁሉም ጣት ሲገጥምለት ግን ቁጭ ይላል። ቁጭ ካለ ደግሞ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለ አስለቃቂ መድኃኒት አይነሳም።

«ባለቤቱ ውስጥ የሚገጥመው አንድ ቦታ ብቻ ነው» አለች ፈትሒያ። «ኖላዊ ውስጥ ሁለት ቦታ ገጠመው። አንዱ የውዝወዛው ነው፤ ለዚህ ነው እጁ ያረፈው። ሁለተኛው የመዋጫው ነው። በአንዲት ፊደል ምክንያት። ከአባቱ በኩል የመጣች አንዲት ፊደል።»

«አባታችን እኮ አንድ ነው» አለች ሶልያና።

ያዡ የማን እንደነበረ ፈትሒያ ያኔ ገባት። ቀና ብላ አየቻት፤ አባት የጽሑፉ ሁለት ቅጂ አለው፣ ለልጁ የሚሰጠው አንዱን ነው፣ ለአንቺ የሰጠሽ ሌላ ለእሱ የሰጠው ሌላ ነው አለቻት። ሶልያና መሬት ላይ ወርዳ ፊቷን ደፋች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የአስራ ዘጠኙን ቀን አንድ ላይ አለቀሰችው። ፈትሒያ የሶልያናን ራስ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ ጠጉሯን ደባበሰችላት። ስትናገር ግን ቃሏ ተለውጦ ነበር።

«እርስዎ» አለቻት፤ ሶልያና በሕይወቷ ከዚህች ልጅ ሰምታው አታውቅም። «እርስዎ የተናገሩትን መጻፍ አለብኝ።»

አስለቃቂ ለመሥራት የያዡን የጣት አደራደር ማወቅ ያስፈልጋል። ንድፉ በባለቤቱ ስም ተቆልፎ ይቀመጣል። የሚከፈተው በሁለት አሻራ ነው፤ በሰጪውና በተቀባዩ። የሰጪው ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱም ሰው ለዘመዱ ሲል «እኔ ነኝ የሰጠሁት» እያለ በሐሰት መመስከር አብዝቶ ነበር። ሁለቱም ካተሙ አስለቃቂው በሦስት ሳምንት ይደርሳል፤ ኖላዊ ይድናል። ሶልያና ደግሞ ትሰረዛለች። ያለ ያዥ ምን ያህል ትቆያለች? ፈትሒያ አልዋሸቻትም። ውዝወዛው በዓመቱ ይጀምራል አለቻት።

ሶልያና በዚያው ዕለት አሻራዋን ሰጠች። ስትፈራው የኖረችው ነገር ሲሆን እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረማት። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሐኪም ቤት በረረች፤ ኖላዊን ሳመችው፣ ተናገርኩ፣ አለቀ፣ ነገ ያንተን ይወስዳሉ፣ ትድናለህ አለችው።

ኖላዊ ቱቦው እንዳይነካበት ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ አዞረ።

«እማዬን ያጠብኳት እኔ ነኝ» አላት፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣ። «ስድስት ዓመት። አንቺ አላየሽም። አንቺን ማን ያጥብሻል፣ እታለም?»

አንተ ታጥበኛለህ አለችው። እሱም ሁለተኛ አልችልም አለ።

የመዝገብ ሹሙ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ፤ ሰሌዳ ይዟል፤ ሰውየው ክፉ አልነበረም። ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ያዡን ከእህቴ ከወይዘሮ ሶልያና ምንውየለት እጅ ተቀብያለሁ።» አውራ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ አለ። ኖላዊ ቀኝ እጁን ከአንሶላው ሥር አወጣ። የረጋ፣ የማይንቀሳቀስ እጅ ነው። አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጠፈና በአራቱ ጣቶቹ ጨበጠው።

ሹሙ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ጭብጡ አልተፈታም። ሶልያና ቀረበች። መጀመሪያ በልመና ነበር፤ የእናታቸውን አጥንት እየጠራች፣ ኖሊዬ፣ የኔ ጌታ፣ እየው እንጂ፣ ሦስት ሳምንት ብቻ እኮ ነው። ከዚያ እጁን ያዘችው። ትንሿን ጣቱን ቀና አደረገች፤ ወደሚቀጥለው ስትሄድ ትንሿ መልሳ ታጠፈች። በሁለት እጇ ጎተተች። ሠላሳ ስድስት ዓመት የክሬን መሪ የያዘ እጅ ነው፤ እሷ የስልሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ጉልበቷን አልጋው ላይ አስደግፋ ታገለች። በጥርሷ ሞከረች። ኖላዊ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እንባው በቱቦው ጎን ይወርዳል፤ እጁ ግን እንደ ድንጋይ ነው።

«እማማ፣ ይተዉት» አለ ሹሙ። «በግድ የተወሰደ አሻራ አይቆጠርም።»

ሕጉ ሦስት ቀጠሮ ይሰጣል። ሹሙ ሁለት ጊዜ ደግሞ ተመለሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያው ጭብጥ ጠበቀው። ከሦስተኛው በኋላ የሶልያና ቃል ላይ ማኅተም ተመታበት፦ «በዝምድና ምክንያት የተሰጠ፣ ያልተረጋገጠ።» የኖላዊ ቃል ጸና። መዝገቡ እስከ ዛሬ ካልታወቀ ሻጭ ገዛ ነው የሚለው።

ሶልያና ተቆጣች። ሁለት ቀን ሐኪም ቤት አልሄደችም፤ ይሙት፣ ራሱ ነው የመረጠው እያለች ሸራዋን ትሰፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትሰፋለች። በሦስተኛው ቀን ሆዷ አልችል አለና ሄደች። ኖላዊ ስታገኘው ከስቷል፤ ሳንባው ውስጥ ውሃ መቋጠር ጀምሯል። አልተወቃቀሱም። ምሳሽን በልተሻል አላት። አልበላሁም አለችው። አምጪና እዚህ ብይ፣ ልይሽ አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳዋን ይዛ እየሄደች ፊቱ ትበላ ነበር። እሱ አፏን እያየ ጨው በዝቶበታል ወይ፣ ሚጥሚጣ አለው ወይ እያለ ይጠይቃታል፤ እሷም እያላመጠች ትነግረዋለች። አንዳንዴ እንባው ከጉርሻው ጋር ይቀላቀልባታል፤ አትተወውም፣ ትውጠዋለች። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ያሉት ነርሶች ይህችን ሴት ጨካኝ ይሏት ነበር፤ ከማይበላ በሽተኛ ፊት የምትበላ ብለው።

ኖላዊ ሚያዝያ አስራ አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሞተ። ሶልያና ምሳዋን እያዘጋጀች ነበር። ገላውን ራሷ አጠበችው፤ አጣቢዎቹ እንምጣ ቢሏት አንድም ሰው አላስገባችም። ለቀስተኛው ከአራት ሰፈር መጣ። ሰው ሁሉ ያንን ሻጭ ረገመው፤ እጁ ይቆረጥ፣ ዘሩ ይድረቅ እያለ። ሶልያና መሐል ተቀምጣ እርግማኑን አንድ በአንድ ሰማች። ሁለት ጊዜ እኔ ነኝ ብላ ተናገረች። ሴቶቹ ሐዘን ነው የሚያስቀባጥራት ብለው አቀፏት።

ታኅሣሥ ላይ ጣቢያው ጠራት፤ የዓመቱ ያዥ ደርሷል። መስኮቱ ላይ ፈትሒያ ነበረች። ብልቃጡን በመሐላቸው አስቀመጠችው። በአዲሱ ደንብ መሠረት ከመስጠት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፤ ንግግሩ ይቀረጻል። ፈትሒያ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳትል አነበበች። ስምዎ። ዕድሜዎ። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች።

«ባለፈው ዓመት ከያዥዎ ለሌላ ሰው ሰጥተዋል?»

ሶልያና መስኮቱን ይዛ ቆመች። ሰጥቻለሁ ብትል እውነት ነው፣ ቅልል ይላታል፤ ወንድሟ እጁን ጨብጦ ያቆየላት ነገር ግን እዚያው መስኮት ላይ ይፈስሳል። አልሰጠሁም ብትል ያንን ሁሉ ጠዋት ትክደዋለች፤ ሳቁን፣ ሸሚዙን፣ አንገቱን ወደ ኋላ መጣሉን። ይህንንም በየዓመቱ፣ እስክትሞት ድረስ መካድ ይኖርባታል። ከኋላዋ ያለው ወረፋ ማጉረምረም ጀመረ።

«ለማንም አልሰጠሁም» አለች።

ፈትሒያ እንዳለችው ጻፈች።